ትርጓሜ ቤት

«ፍሬሽ» ይሉናል። ቃሉ አሁን ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን ያስመስለናል። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁለትና ከሦስት ቀን የአውቶቡስ መንገድ በኋላ የግቢውን በር ስንረግጥ ትኩስነታችን አልቆ የጠወለግን ነበርን። አንዱ ከቢቸና፣ አንዱ ከይርጋለም፣ አንዱ ከጅግጅጋ፣ አንዱ ከቦንጋ፣ አንዱ ከአሰላ፣ አንዱ ከዓድዋ፣ አንዱ ከደሴ፣ አንዱም ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ። ስምንት አልጋ፣ ስምንት ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት። የማን ስም ከማን ስም ጎን በበሩ ላይ እንደሚለጠፍ የወሰነው ኮምፒዩተር ነው። ስም መያዝ ስላቃተን በመጣንበት አገር ተጠራራን፤ «ደሴ፣ ባልዲህን አውሰኝ»፣ «ጅግጅጋ፣ እባክህ በሩን ዝጋው»። አሁንም ቢሆን የአንዳንዳችንን የአባት ስም የምናውቀው ከውጤት ዝርዝር ላይ ነው። ይህን የሚጽፈው ከስምንቱ የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ባይጠይቀን ደስ ይለናል፤ ጽሑፉ በዶርሙ ስም ነውና።

ስለ መጀመሪያ ዓመት የሚወራውን ሁሉ አስቀድመን ሰምተናል፤ ስለ ካፌው ሰልፍ፣ ስለ ሽሮው መቅጠን፣ ስለ ውኃው መጥፋት፣ ፍሬሽ ስለሚያታልሉ ሲኒየሮች። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ብዙ ሊጻፍበት አይገባም። ሽሮ ይለመዳል። «የላይብረሪ ወንበር ኪራይ» ብለው ሃያ ሃያ ብር የተቀበሉን ሲኒየሮች እንኳ በኋላ በዚያው በኛ ብር ሻይ ጋብዘውናል፤ ምን ይባላል? ቶሎ ያልተለመደልን ሌላ ነገር ነው። እሱን ከማንሣታችን በፊት ግን ስለ ጓጉንቸር እንናገር።

የመጀመሪያው ሳምንት የቁልፍ ሳምንት ነበር። ሁላችንም ቁም ሣጥናችን ላይ ጓጉንቸር አንጠልጥለን፣ ቁልፉን በአንገታችን አስረን ነው የምንተኛው። ውስጡ ያለው ሌላ ሀብት አይምሰላችሁ፤ የእናት ስንቅ ነው። የቢቸና በሶ፣ የአሰላ ጭኮ፣ የይርጋለም ቆጮ፣ የቦንጋ ቡናና ማር፣ የጅግጅጋ በቅቤ የተጠበሰ የግመል ሥጋ፣ የዓድዋ ጥሕኒ፣ የደሴ ዳቦ ቆሎ፣ የአዲስ አበባው ልጅ ደግሞ በካርቶን የታሸገ ብስኩት። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከስንቁ ይቀምሳል። በሶ ድምፅ የለውም፤ ጭኮም የለውም። ዳቦ ቆሎ ግን ምሥጢር አይጠብቅም! በሦስተኛው ሌሊት ከደሴ አልጋ «ቀርጨም!» አለ። ጸጥ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ «ቀር... ጨም»። ከላይኛው አልጋ አዲስ አበባ፣ «ወንድሜ፣ ወይ አብላን ወይ አስተኛን» አለ።

ሳቁ ከግድግዳው ማዶ ያሉትን ሳይቀር ቀሰቀሰ። በማግሥቱ ስንቁ ሁሉ ባንድ ካርቶን ገባ። ያኔ ነው ቢቸና ከዓድዋ ጥሕኒ በውኃ በጥብጦ የቀመሰው። «ይኸማ በሶ ነው!» አለ እንደ መከፋት ብሎ። ዓድዋ በተራው ከበሶው ቀመሰና፣ «አይ፣ ይኼ ጥሕኒ ነው» አለ። ክርክሩ ካርቶኑ እስኪያልቅ ድረስ ዘለቀ፤ ካርቶኑ ያለቀው ግን ባሥራ አንድ ቀን ነው።

ማታ ማታ ወደ ቤት መደወያችን ደረጃው ላይ ነበር። ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል፤ ደግሞም ሰው ፊት «እማዬ» ማለት ያሳፍራል። ደረጃው ላይ በምሽት ቢያልፉ በስድስትና በሰባት ቋንቋ አንድ ጥያቄ ሲመለስ ይሰማሉ፤ በልቻለሁ። ያልበላውም በልቻለሁ ነው የሚለው። ቋንቋውን ባናውቅም ያቺን ቃል በድምፁ ለየናት፤ ከፍ ብላ ትጀምርና መጨረሻዋ ላይ ዝቅ ትላለች።

እንግዲህ ወደዚያ ወዳልተለመደልን ነገር እንምጣ፤ አለመስማት ነው። ጆሯችን ደኅና ነው፤ የምንለው ትምህርቱን ነው።

እዚህ የደረስነው ተወቅጠንና ተነፍተን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩም ዙር 3.2 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ቢሆንም ያለፈ ልጅ ባገር ቤት እንደ ሙሽራ ነው የሚታየው። ለቢቸና አጎቱ በግ አርደዋል። ለይርጋለም ጎረቤት ተሰብስቦ መርቆታል። ደሴ መጀመሪያ ግማሹን ስላላገኘ አንድ ዓመት ሪሚዲያል ተምሮ ነው የገባው፤ ስለዚህ በግቢው አዛውንት ነው፤ የትኛው ቧንቧ በስንት ሰዓት ውኃ እንደሚሰጥ ከሱ ነው የምንጠይቀው። ያን ሁሉ እልልታ ተሸክመን የመጀመሪያው ቀን አዳራሽ ገባን። መምህሩ ሙሉ ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ስላይዱ በላይ በላዩ አለፈ፤ ስንወጣ ተያየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፋችን እንግሊዝኛ ነበር። የመምህራኖቻችን አፍ ግን አዘነልን። ቢቸና ፊዚክስን በአማርኛ ነው የሰማው፤ አሰላ በኦሮምኛ፣ ይርጋለም በሲዳምኛ፣ ጅግጅጋ በሶማልኛ፣ ዓድዋ በትግርኛ። እንግሊዝኛውን ለፈተና ሸመደድነው፤ ሐሳቡን የተረዳነው ግን በየእናታችን ቋንቋ ነው። እነዚያን መምህራን የሚነቅፍ ካለ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ለሰባ ልጅ አስተምሮ ይየው። እዚህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው መምህር ምን ያድርግ? ፊቱ ያለው ተማሪ ሁለት መቶ ነው፤ አገር ሁሉ በወንበር ላይ ተቀምጧል። በየትኛው ቋንቋ ይዘንልን? በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከካናዳ በመጡ ኢየሱሳውያን መምህራን እጅ በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ ይኸው ዛሬ ከ40 በላይ በሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ያው ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ ቁጥሩ ጥቂት፣ እንግሊዝኛውም የታሸ ነበር ይባላል። ሌላም ልዩነት አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ወደ ማያውቀው የገጠር ከተማ ለአንድ ዓመት የሚላከው ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ነበር። እኛ ግን ገና ስንጀምር ነው የምንላከው፤ ምደባ ይባላል። እነሱ ለማስተማር ሄዱ፤ እኛ ለመማር። የቱ እንደሚከብድ ሁለቱንም ያየ ይፍረድ።

«ኤኒ ክዌስቸን?» ይላሉ መምህሩ በመጨረሻ። ሁለት መቶ ራስ ይነቀነቃል። ጥያቄ የለንም! ጥያቄ የሚኖረውኮ ግማሹ የገባው ሰው ነው።

በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የተናገረው ቢቸና ነው። ድቁና ተምሯል፤ ወንድሙ የቆሎ ተማሪ ነበረ። «ምን ያስጨንቃችኋል?» አለ አንድ ማታ ካልሲውን እያጠበ፣ «የቄስ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ንባቡን ነው በግእዝ የምትለው፤ አይገባህም። ትርጓሜ ቤት የምትገባው በኋላ ነው።» ጅግጅጋ ከአልጋው ቀና አለ። በዚያን ጊዜ አማርኛው ገና ብዙም አልነበረም። «ቁርኣን ቤት ያው» አለ፣ «መጀመሪያ በቃል። ትርጉም ቆይቶ።» ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ዶርማችን ትርጓሜ ቤት ተባለ። ጉባኤውም የሚዘረጋው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ከላይብረሪም ከካፌም ሁሉም ሲመለስ ነው።

የጉባኤው ሥርዓት በማንም አልተደነገገም፤ እንዲያው መጣ። አንዱ የቀኑን ሃንድአውት ያነባል። የገባው፣ በገባው ቋንቋ ይናገራል። ሌላው ያንን ይተረጉማል። ለምሳሌ ሊሚት የሚሉትን የሒሳብ ነገር እንውሰድ። ቁጥሩ ወደ ሁለት ይጠጋል፣ ሁለት ግን አይሆንም፤ ሁለት ላይ ቀመሩ ትርጉም የለውም፤ ሆኖም መልስ አለው ይላሉ። ይህ የሰው ንግግር ነው? ሦስት ቀን አሰብን። ሲኒየሮች «ቸክሉት» አሉን፤ የነሱ መድኃኒት ለሁሉም በሽታ አንድ ነው። ጅግጅጋ ግን በሒሳብ ከሁላችን ይበልጣል። ግድግዳው ላይ በጣቱ እያሳየ እንዲህ አለ፤ «ድልድይ አለ። ድልድይ መሐሉ ፈርሷል። ሰው ከዚህ መጣ። ሰው ከዚያ መጣ። ሁለቱ አንድ ቦታ ያያል። ድልድይ የለም፤ ቦታው ግን አለ። ቦታው ሊሚት ነው።»

እስቲ ከዚህ የተሻለ ማን ያስረዳናል? አሰላ ወዲያው ተነሥቶ ሦስት በር አልፎ ላለው ለነቀምቱ ጓደኛው በኦሮምኛ ሊነግረው ሮጠ። ሲመለስ አንድ ነገር ጨምሮበት መጣ፤ «ከሁለቱ ወገን የሚመጡት ሰዎች የተለያየ ቦታ ካዩስ?» ብሎ ነቀምቱ ጠይቆታል። ጅግጅጋ ሳቀ፤ «እንግዲያ ሊሚት የለም» አለ። በማግሥቱ መምህሩ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ስምንታችንም ባንድ ጊዜ «አሃ» አልን። ፊት ወንበር የነበሩት ዞረው አዩን። በእንግሊዝኛ ገብቶ፣ በሶማልኛ ታስቦ፣ በሰባራ አማርኛ ወጥቶ፣ በኦሮምኛ የተፈተነ ትምህርት ነበርና አልረሳነውም፤ ፈተናም ላይ መጣልን።

ሎጂክ ግን ሌላ ነው። ሎጂክ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ላይ ያርፋል።

«ሄስቲ ጀነራላይዜሽን» የሚባለው ክፍል ላይ ደርሰን ነበር፤ ቢቸና «ችኩል ድምዳሜ» ብሎ ተረጎመው። ጥቂት አይቶ ስለ ሁሉ መፍረድ። በደንቡ መሠረት ሁሉም ምሳሌ ማምጣት አለበት። አዲስ አበባ፣ «ሽሮው ሁለት ቀን ስለ ቀጠነ ሁልጊዜ ቀጭን ነው ማለት» ሲል ይርጋለም፣ «አይሆንም፤ እሱ በቂ ናሙና አለው» ብሎ አሳቀን። ተራው የደሴ ሆነ። ደሴ አልሳቀም። ሃንድአውቱን አጠፈና ማንንም ሳያይ፣ «እናቴ ስመጣ፣ ዶርምህ ውስጥ የትግራይ ልጅ ካለ አልጋ ቀይር ብላኛለች» አለ።

ካርቶኑ ላይ ያረፈ ዝንብ ቢኖር ይሰማ ነበር። ደሴ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ የወጣ ልጅ ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫማ ስለ መጥበብ ሲወራ ነው የነገረን። ዓድዋ ደግሞ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ መጀመሪያ በኮሮና፣ ከዚያ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ዓመታት ቆጥሯል። ሁለቱ እስከዚያ ማታ ድረስ የሚነጋገሩት ስለ ባልዲና ስለ ቧንቧ ብቻ ነበር።

ዓድዋ ትንሽ ቆየ። «የኔም እናት ነግራኛለች» አለ። «የዚያ አገር ልጅ ካለ፣ ማታ ማታ ነቅተህ ተኛ ብላኛለች።»

«ነቅተህ ተኛ?» አለ ቢቸና፤ ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀው። «ነቅቶ መተኛት ደግሞ እንዴት ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ዓድዋ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ ደሴ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ከቤቱ የተመከረውን አወጣ። አሰላ ስለ እነ ቢቸና የተነገረው አለ፤ ቢቸናም ስለ እነ አሰላ። ይርጋለምም ጅግጅጋም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አዲስ አበባ ደግሞ ስለ ሁላችንም ተነግሮታል! ስምንቱን ምክር ጎን ለጎን ብናስቀምጠው የአገር ስም ብቻ እየተለወጠበት የተቀዳ አንድ ደብዳቤ ይመስል ነበር። በሶና ጥሕኒ።

በእናቶቻችን ላይ ግን ማንም እንዳይስቅብን። ከምንም ተነሥተው አይደለም የመከሩን። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠች እናት ልጇን ስትልክ ምን ትበለው? ደግሞም ከዚያ ማታ ጀምሮ ደሴና ዓድዋ ወንድማማች ሆኑ ብለን አንጽፍም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ፊልም ላይ ነው ያየነው። ስለ ጦርነቱ ዛሬም አያወሩም። ደሴ ግን አልጋ አልቀየረም። ካልኩሌተር የነበረው ዓድዋ ብቻ ስለ ነበረ ለፈተና ሰሞን ካልኩሌተሯ በሁለቱ አልጋ መካከል ባለው መደርደሪያ ላይ ታድር ጀመር፤ ማን እንዳስቀመጣት አልጠየቅንም።

ጉባኤው ያለ ቡና አይሆንም ነበር። ቡናው የቦንጋ ነው፤ ከፋ የቡና አገር መሆኑን በየሲኒው ካላስታወሰን አይቀዳም። በዶርም ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው፤ የኛ ምድጃ ግን በጫማ ካርቶን ውስጥ ትኖር ነበር። አንድ ማታ ፕሮክተሩ ሽታውን ተከትለው በሩን አንኳኩ። ምድጃዋ ከነካርቶኗ አልጋ ሥር ገባች፤ የቡና ሽታ ግን የት ይገባል? ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ስምንታችንን አንድ በአንድ አዩን። «ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ። «ሎጂክ እያጠናን ነው» አለ ቦንጋ። ጋሼ ገብተው ተቀመጡና፣ «እንግዲያው ከሎጂኩ አንድ ሲኒ ቅዳልኝ» አሉ። ጠጥተው ሲጨርሱ ምድጃዋን ይዘውብን ሄዱ። ፍትሐዊ ናቸው፤ ቡናውን አመስግነዋል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የወጣው በዝናብ ቀን ነበር። ሰባታችን አለፍን፤ አንዳንዳችን በግማሽ ነጥብ። ቦንጋ አላለፈም።

ስለዚህ ብዙ መጻፍ ይከብደናል፤ እሱም አንብቦት ካልፈቀደ አይወጣም ብለን ልከንለት፣ «ጻፉት፣ ቡናዬን ግን አትርሱ» ብሎናል። ፊዚክስና ሒሳብ ናቸው የጣሉት። ማታ ማታ ከኛ ጋር ሲሰማ ይገባው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ እንግሊዝኛው ሲመጣ ግን እጁ ይያዛል፤ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። በአንድ ሴሚስተር ይህ አይድንም። ለሚመጣው ዓመት በድጋሚ ለመግባት ማመልከት እንደሚችል ተነገረው። እሱን ያስጨነቀው ግን አባቱ ነበሩ። መንደሩ ሁሉ መርቆ ነው የሸኘው፤ አሁን ምን ብሎ ይግባ? ሁለት ማታ ደረጃው ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ሳይደውል ተመለሰ። በሦስተኛው ማታ አሰላ ስልኩን ተቀብሎ፣ «አባባ፣ እኔ ጓደኛው ነኝ» ብሎ ጀመረና ለቦንጋ መልሶ ሰጠው። ቦንጋ በካፍኛ ረጅም ሰዓት አወራ። ምን እንደ ተባባሉ አናውቅም፤ በመጨረሻ ግን ያቺን የምናውቃትን ቃል ሰማናት፤ ከፍ ብላ ጀመረች፣ ዝቅ ብላ ጨረሰች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር።

መናኸሪያ ድረስ ሰባታችንም ሸኘነው። ሃንድአውቶቹን በሙሉ ይዞ ሄደ፤ ጀበናውንና ሲኒዎቹን ለኛ ተወ። አልጋው ላይ ሌላ ልጅ አልተመደበም። ፍራሹን አጥፈን የግድግዳው ጥግ ላይ አቁመነዋል፤ ጉባኤ ሲዘረጋ መደገፊያ ይሆናል።

ቦንጋ አሁን ለድጋሚ ቅበላው እያነበበ ነው። ከነሱ ቤት በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ኔትወርክ ይገኛል፤ ማታ እዚያ ወጥቶ በቴሌግራም ይጠይቀናል፣ እኛም በድምፅ እንመልሳለን። ጅግጅጋ አማርኛው ተሻሽሏል፤ «ድልድዩ» እያለ ነው የሚያስረዳው። አዲስ አበባ የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ያነብለታል፤ ፈተናው ላይ እጁ እንዳይያዝ ብለን ያመጣነው ዘዴ ነው። የትናንትናው ስለ ኒውተን ሕግጋት ነበር፤ ሰባታችንም በየተራ ተናገርን፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ፤ «ከአራተኛው ደቂቃ በኋላ አልገባኝም። ደሴና ዓድዋ ባንዴ ነው የሚናገሩት። ቢቸና ለብቻው ይድገመው።»